የሳን ሊያንድሮው ጅብ

ባለፈው ኦክቶበር ከሳን ሊያንድሮ ብዙ በማትርቀው ዳብሊን ውስጥ አንድ ማደያ ገብቼ የመኪናዬን ጎማ ንፋስ ስሞላ ቱቦው አልገጥም ብሎ አየሩ ፊቴ ላይ ወጣ። ከጎማ የሚወጣ አየር የራሱ ሽታ አለው፤ ላስቲክ ላስቲክ፣ ዝገት ዝገት ይላል፣ ትንሽም እንደታፈነ ጓዳ ይሸታል። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ጥሩምባውን እስኪነፋብኝ ድረስ ቁጢጥ እንዳልኩ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ። ሌላው ሰው ልጅነቱ የሚመጣለት በአበባ ወይም በእናቱ ቅባት ሽታ ይሆናል። የእኔ የሚመጣው በጎማ ንፋስ ነው፤ ምን ላድርግ፣ አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ጊዜ ያንን ሽታ ስምግ ነው የከረምኩት።

ያ ዓመት ጅብ የሠራንበት ዓመት ነው። ጅቡ የተሠራው ከኮምፔርሳቶ፣ ከአሮጌ ምንጣፍና ከጎማ ቱቦ ነበር። አጥራችን ጋ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ይቆይና አየሩ ሲለቀቅ ብድግ ይላል። ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ከዚያ በፊት ጅብ የሠራ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፣ ከዚያም በኋላ ያለ አይመስለኝም።

ለምን እንደሠራነው ለመናገር ግን ከዚያ ፊት የነበረውን ዓመት ማንሳት አለብኝ። ፈረንጆቹ ሃሎዊን በሚሉት ቀን ልጆች ጭምብል አጥልቀው አመሻሽ ላይ በየቤቱ በር እያንኳኩ ከረሜላ ይጠይቃሉ። የበረንዳ መብራት ያበራ ቤት ኑ ማለቱ ነው። እኛ ከኦክላንድ አፓርትመንት ወጥተን እዚያ ሰፈር ከገባን ገና ሦስት ወራችን ነበር። እማዬ ከሥራ እንደገባች መጋረጃውን ዘጋች፣ መብራቱን ሁሉ አጠፋች፣ ማቀዝቀዣው እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ሶኬቱን ነቀለች። ከዚያ እኔን ይዛ የኋላው መኝታ ቤት ወለል ላይ ተቀመጠች። አባቴ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሳክራመንቶ ሥራ ይዞ ስለነበር ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እማዬ እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች ብዬ እኔም አብሬያት እጸልያለሁ። ከረሜላ ያጣ ልጅ የሚያደርገው ደግሞ ይታወቃል፣ እንቁላል ወረወሩብን። መስኮቱ ላይ ጧ ሲል ጮኽኩ፤ እማዬ በመዳፏ አፌን ያዘችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት የደረቀውን እንቁላል በቢላዋ ስትፍቅ ከውስጥ ሆኜ አየኋት። የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ላለማየት አንገቷን ደፍታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትፍቀው። ትምህርት ቤት ጨለማው ቤት ብለው ስም አወጡልን፤ እሱን ቻልኩት። የእማዬን አንገት መድፋት ግን መቻል አቃተኝ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ቀን ይኼ ቤት መብራቱ ይበራል ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ በምን ዘዴ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ዘዴው ከሳን ሆዜ መጣ። ጋሽ ደምሴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጧት ወንድምጋሼ ትላቸዋለች፣ እርስዎ ትላቸዋለች፣ እሳቸው ሳይቀመጡ አትቀመጥም። መጀመሪያ ሳን ሆዜ አንድ ዘመድ ቤት አርፈው ነበር፤ ኦክላንድ ወደብ አጠገብ የጭነት መኪና የሚጠግን ጋራዥ ሥራ ሲያገኙ ወደ እኛ ተዛወሩ። አገር ቤት ሃያ ምናምን ዓመት በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ሰሞን የሚጠሉኝ መስሎኝ ነበር። ቁርስ ላይ በስተግራቸው ተቀምጬ ጉድ ሞርኒንግ ጋሼ እላለሁ፣ እሳቸው ዝም። ፀጉሬን በመቆረጤ ይሆን፣ አማርኛዬ ስለሚሰባበር ይሆን እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቴን ስፈልግ ከረምኩ። አንድ እሑድ እንግዳ መጥቶ ወንበሬ ሲያዝ በቀኛቸው ተቀመጥኩ። ደህና አደርሽ የኔ እናት ብለው ወሬ ጀመሩ፣ ማቆሚያም የላቸው። ለካ ግራ ጆሯቸው በሞተር ጩኸት ከሞተ ቆይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቀኛቸው ጠፍቼ አላውቅም።

ወሬያቸው መንገድ ነው፤ የመንገዱ ወሬ ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጅብ ጋ ይደርሳል። ጎማ ፈንድቶባቸው በረሃ ላይ ሲያድሩ፣ የመኪናው መብራት በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ሁለት ዓይን ቦግ ይላል። ጅብ እንደ ውሻ ዘሎ አይመጣም ይሉኛል፤ መጀመሪያ ዓይኑ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ነው ቀስ ብሎ ሌላው የሚመጣው። እኔ ጅብ አይቼ ስለማላውቅ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያህል ነገር ነበር የሚታየኝ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሥዕሉን ሳገኝ የጎረቤት ውሻ ያህል ሆኖ አረፈው፤ አታለሉኝ ብዬ መጽሐፉን ይዤላቸው መጣሁ። አገላብጠው አዩትና ይኼ ቀን የተነሳው ነው፣ ማታ ይተልቃል አሉኝ። አመንኳቸው፤ ዛሬም ድረስ አምናቸዋለሁ።

ከእኛ ፊት ለፊት ሚስተር ሬይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ቀለም ቀቢ ይኖሩ ነበር። ለሃሎዊን ግቢያቸውን በአስፈሪ ነገር ይሞላሉ፤ ከሁሉ ዋነኛው በአየር ግፊት ከሣጥን ብድግ የሚል አሻንጉሊት ነው። ሴፕቴምበር ላይ አንድ ቅዳሜ ጋራዣቸውን ከፍተው ሲሞክሩት ከኮምፕሬሰሩ አየር ጢስስስ ብሎ ወጣ። ጋሽ ደምሴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ መንገዱን ተሻገሩ፣ እኔም በቀኛቸው። አሻንጉሊቱን ከሥር ጎንበስ ብለው አዩት፣ ሲሊንደሩን በጣታቸው ነኩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ይኼማ ፍሬን ነው አሉ። ሚስተር ሬይ እንግሊዝኛ፣ ጋሽ ደምሴ አማርኛ እያወሩ አንድ ሰዓት ቆዩ። አስተርጓሚ ነኝ ብዬ መሐላቸው ቆምኩ እንጂ የፈለገኝ አልነበረም።

መንገዱን ስንመለስ ስለዚያ የማልኩት ነገር ነገርኳቸውና እኛም እንሥራ አልኳቸው። ምን ያቅተናል፣ ግን እናትሽን ማን ይነግራታል አሉኝ።

ያስፈራን ነገር ደረሰ። እማዬ እራት ላይ ሰምታ ሹካዋን አስቀመጠች። እኛ የምንሄድበት የአማርኛ ጉባኤ እሑድ ከሰዓት ኦክላንድ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ ይሰበሰባል፤ እማዬ መዘምራን ውስጥ ናት። የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ወርቁ በየዓመቱ ቀኑ ሲቃረብ ስለ ሃሎዊን አጥብቀው ይናገራሉ። አጽም የለም፣ ጠንቋይ የለም፣ የሞተ ሰው የለም፣ ስሙም በዚህ ቤት አይነሳም አለች። ጋሽ ደምሴ የጎረሱትን አላመጡ፣ ዋጡ፣ ውኃ ጠጡ። ጅብስ አሉ። ጅብ ምን አለች። ጅብ እግዜር የፈጠረው እንስሳ ነው አሉ። እማዬ ልትስቅ ስትል አየኋት፤ ግን አልሳቀችም፣ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳኮርፍ ጋሽ ደምሴ መጥተው በግራዬ ተቀመጡ። እናቴ በጣም ሰይጣን ትፈራለች አልኳቸው፣ በተሰባበረ አማርኛዬ።

«ሰይጣኑን አይደለም፤ በር ሲንኳኳ ነው የምትፈራው» አሉኝ። «አንቺን ስታክል አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ነበሩ። ታላቅ ወንድማችንን ይዘውት ሄዱ፣ አልተመለሰም። በሩን የከፈተችው እሷ ናት።»

ያ የጨበጠኝ እጅ፣ ያ ያፈነኝ መዳፍ፣ የተነቀለው ሶኬት ሁሉ ሌላ ነገር ሆነብኝ። በእሷ ማፈሬን አስታውሼ አለቀስኩ። ጋሽ ደምሴ ለቅሶዬን አላስቆሙኝም፤ ካርቶን ቀደው በእርሳስ አጥራችንን፣ መግቢያውን መንገድና ቁጥቋጦውን ሳሉ፣ ቁጥቋጦው ላይም ክብ አደረጉ።

ማታ ለእማዬ ያቀረቡት ይህንን ካርቶን ነው። ጅቡ እዚህ አጥሩ ጋ ይሆናል፣ ከረሜላውም እዚሁ፤ ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አይተው፣ ተቀብለው ይመለሳሉ፤ በሩ ጋ የሚደርስ የለም አሏት። እማዬ ካርቶኑን ወደ መብራቱ አስጠግታ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ሰው በሬን ቢያንኳኳ፣ ወይም ጋሽ ወርቁ ቢናገሩኝ፣ ያኔውኑ መብራቱን አጠፋለሁ። እሺ?»

እሺ አልኩ። የዚያን ጊዜ ባሕርን በማንኪያ ጨልፊ ብትለኝም እሺ ነበር የምለው።

ሲሊንደሩን ያገኘነው ሳን ሆዜ ነው። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች የጣሉትን ማሽን የሚሸጥ አንድ መጋዘን ነበረ፤ ውስጡ ሽቦና ዘይት ዘይት ይሸታል። ጋሽ ደምሴ በርሜል ሙሉ ሲሊንደር ፊት ቁጢጥ ብለው አንድ በአንድ ያነሳሉ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ይደፍናሉ፣ ዘንጉን ይስባሉ። ዘንጉ ዝም ብሎ ከወጣ መልሰው ይጥሉታል። ከአሥር በላይ ጣሉ። አንዱን ሲስቡት አልወጣም፣ አውራ ጣታቸው ላይ ጥብቅ ብሎ ቀረ። ጣቴን አስያዙኝ፤ ሲሊንደሩ እንደሚጠባ ጥጃ ሳበኝ። ይኼ በሕይወት አለ አሉ። እስከ ሳን ሊያንድሮ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ፣ ቀሚሴም በዚያው ሄደ።

ሚስተር ሬይ ኮምፕሬሰራቸውን አዋሱን፤ ሁለት ነበራቸው። አሠራሩንም አሳዩን፦ አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ በማጠፊያ የታሰረውን እንጨት ያነሳል። እኛም እንደዚያው ሠራን። የጅቡን አካል ከኮምፔርሳቶ ቆረጥን፣ ጎረቤት የጣለውን ቡናማ ምንጣፍ አለበስነው፣ ነጠብጣቡን በጥቁር ቀለም እኔ ቀባሁት። ጥርሱን ከወተት ፕላስቲክ አወጣሁለት። በመጠኑ ነገር ተከራከርን፤ እኔ በመጽሐፉ ልክ ስል እሳቸው በማታው ልክ አሉ፣ የማታው አሸነፈ።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ ነበር። አየሩን የሚከፍተውን ማንሻ ስስበው ጅቡ እንደ ተናደደ ሰው ተፈናጥሮ ተነሳ፣ አካሉ ሲቆም ጭንቅላቱ አልቆመም። አጥሩን ዘሎ መንገዱን አቋርጦ ከሚስተር ሬይ መኪና ሥር ገባ። ሚስተር ሬይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ እኔ ልሙት ነው ያልኩት። ጋሽ ደምሴ ግን ሄደው ጭንቅላቱን ከመኪናው ሥር ጎትተው አወጡ፣ አቧራውን አራገፉለት፣ ብብታቸው ውስጥ ይዘው ተመለሱና እንዲህ ጅብ የለም አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደቡ አጠገብ ያለው ጋራዣቸው ወሰዱኝ። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ጉድጓድ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ገብተን ፍሬኑን አሳዩኝ። የጭነት መኪና ፍሬን የሚይዘው በአየር ይመስልሻል፣ አይደለም አሉ፤ የሚይዘው ሱስታው፣ ያ የተጠቀለለው ብረት ነው። አየሩ ሥራው ሱስታውን ጨቁኖ መያዝ ነው። አየሩ ካለ መኪናው ይሄዳል። ቱቦ ቢበጠስ፣ አየር ቢያልቅ፣ ሱስታው ይፈታና መኪናው ባለበት ቀጥ ይላል። ከላይ ያለው ሾፌር አንድ ነገር ሳበ፣ ጢስስስ አለና ያ የላስቲክና የዝገት ሽታ ፊታችንን መታን። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። ለእኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ደስ የሚል ሽታ ሆነ።

ቤት እንደገባን ሁሉን ነገር ገለበጥነው። የአሮጌ ጋራዥ በር ሱስታ አምጥተው ጅቡን እንዲያነሳው አሰሩት። ሲሊንደሩን ደግሞ ጅቡን ወደ ታች ጎትቶ እንዲይዝ አዞሩት። አየር እስካለ ጅቡ ይተኛል፤ አየሩ ሲለቀቅ ይነሳል። አየሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ ትንሽ እንዲሆን አጠበቡት፣ ስለዚህ ጅቡ የሚነሳው እንደፈለገው ሳይሆን እንደፈለግነው ነው። ሚስተር ሬይ መጥተው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማንም እንዲህ አይሠራም፣ ተገልብጧል አሉ። ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ደምሴም ንገሪያቸው፣ እኛ ቁልቁለት ላይ ነው የተማርነው አሉ። እንዴት እንደምተረጉመው ስላልገባኝ ታንክ ዩ ይላሉ አልኳቸው።

ለዓይኑ ከጋራዡ ሁለት ክብ የተሳቢ አንጸባራቂ አመጡ። ልጆቹ ባትሪ ይዘው ስለሚመጡ እነሱ ራሳቸው ያበሩታል አሉ። የቀረው ጆሮ ነበር። ከካርቶን ብቆርጥ፣ ከጨርቅ ብሰፋ የድመት ጆሮ እየሆነ አስቸገረኝ። አንድ ማታ እማዬ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ በእጇ ከእሑድ ኮቷ ትከሻ ፈታ ያወጣቻቸውን ሁለት ስፖንጆች ይዛለች። በጅቡ ራስ ላይ በግራና በቀኝ ለካቻቸው፤ ክብ፣ ወፍራም፣ ልክ የጅብ ጆሮ። ክርና መርፌ አምጪ አለችኝ። እየሰፋቻቸው ልጅ ሳለሁ የጅብ ድምፅ እሰማ ነበር አለች። የዚያን ቀን በልቤ ጨፈርኩ።

ደስታዬ እሑድ ተደፋ። ወሬው ጉባኤው ጋ ደርሶ ኖሮ ጋሽ ወርቁ ከአምልኮ በኋላ እማዬን አስቆሟት። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ የሚለብሱ ሰው ናቸው። እሳቸው ሲያዩኝ የበላሁት ሁሉ የሚታያቸው ይመስለኝ ነበር። አልተቆጡም። በዚያ ቀን በእናንተ በኩል አልፋለሁ ብቻ ነው ያሉት። እማዬ እሺ ጋሼ አለች፣ መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስም ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። ይፍረስ ትላለች ብዬ ብጠብቅ ቤት ስንደርስም አላነሳችውም። እኔም አላስታወስኳትም።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሽ ደምሴ የበረንዳውን መብራት አበሩ። እማዬ ከውስጥ ሆና መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች እንጂ አላጠፋችውም። ከረሜላውን አጥሩ ላይ በቅርጫት ሰቀልን። እኔ ማንሻውን ይዤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ገባሁ፣ ጋሽ ደምሴ ኮምፕሬሰሩ ጋ ተቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልጆች ከክፍሌ ነበሩ። ባትሪያቸው ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ፣ ሁለቱ ዓይኖች ቦግ አሉ። ዋት ኢዝ ዛት አለ አንዱ። ማንሻውን ሳብኩ። ጢስስስ፣ መጀመሪያ ዓይኑ ከፍ አለ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ አፉ ተከፈተ። ሦስቱም ቅርጫቱን ሳይነኩ መንገዱ ማዶ ተገኙ። ከዚያ ተያይተው እየሳቁ ተመለሱና እንደገና አሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ እስከ ማዕዘኑ ደረሰ፤ የሚስተር ሬይን ሣጥን ትተው የመጡም ነበሩ። ሚስተር ሬይ ራሳቸውም ተሰለፉ። ጅቡ በተነሳ ቁጥር እኔ ቁጥቋጦው ጀርባ አንድ አንድ ጣት አድጌያለሁ።

እማዬ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትታ መቀመጥ ስላቃታት ፈንዲሻ ልታፈነዳ ማሽኑን ሰካች፤ አንድ ሳህን ሙሉ ወጣላት። ኮምፕሬሰሩም በዚያው መስመር ላይ ነበር፤ እሱ መልሶ ሲነሳ መስመሩ አልቻለም። ጧ ብሎ ሁሉም ጠፋ፦ በረንዳው፣ ሳሎኑ፣ ኮምፕሬሰሩ። ሰልፉ ኦውው አለ። አንድ ድምፅ ደግሞ ጨለማው ቤት ሲል ሰማሁ።

በዚያው ቅጽበት የጋሽ ወርቁ መኪና አጥራችን ጋ ቆመች። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወረዱ። ጭምብል ባጠለቁት ልጆች መሐል ቀጥ ብለው አልፈው የአጥሩን በር ከፈቱ፣ ትንሽ ባትሪ አብርተው በመንገዱ ወደ ቤቱ በር አመሩ። ሊያንኳኩ ነው። በጨለማ ውስጥ ብቻዋን ያለችውን እማዬን ሊያንኳኩባት ነው፤ ከዚያም ሊናገሯት። ማንሻውን በጨለማ ብዳብስ አጣሁት። የቀረን አየር ጅቡን አስተኝቶ የያዘው ብቻ ነበር፤ እሱም ባሮጌው ቱቦ በኩል እየሾለከ ነው።

ጋሽ ወርቁ በቁጥቋጦው አጠገብ ሲያልፉ ባትሪያቸው ሁለት ዓይን ላይ አረፈ። ቆሙ። ያኔ ጅቡ ማንም ሳይነካው መነሳት ጀመረ። እንደዚያ ቀስ ብሎ ተነስቶ አያውቅም ነበር። የሠራሁት እኔ፣ የቀባሁት እኔ፣ ግን እኔው ወደ ኋላ ሸሸሁ። ትከሻው ወጣ፣ የእማዬ የእሑድ ኮት ጆሮዎች ወጡ፣ አፉ ተከፈተ። ጋሽ ወርቁ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ፈለጉ፣ ድንጋይ የለም። ጫማቸውን አውልቀው ወረወሩበት።

«ጅብ! ጅብ! ያዙ፣ ጅብ!»

ሰልፉ ሙሉ ተቀበላቸው። ሠላሳ የሚሆኑ የሳን ሊያንድሮ ልጆች ትርጉሙን ሳያውቁት ጅብ፣ ጅብ እያሉ ሰፈሩን አናወጡት። ከኮምፕሬሰሩ በኩል ጋሽ ደምሴ ረጋ ባለ ድምፅ ፍሬኑ ያዘ ሲሉ ሰማኋቸው።

በሩ ተከፈተ። ማንም አላንኳኳውም። እማዬ የፈንዲሻውን ሳህን እንደያዘች ባዶ እግሯን ወጣች። ከውጭ ጅብ ሲባል ሰምታ ልጄ ብላ ነው የወጣችው፤ ጨለማውንም፣ ጭምብሉንም፣ ምኑንም አላየችም። በመንገዱ ወርዳ እኔን ከቁጥቋጦው ጎትታ አወጣችና ፊቴን ዳበሰችው። እኔ ግን ከእሷ ይልቅ ጋሽ ወርቁን ነበር የማየው።

ጋሽ ወርቁ ባንድ እግራቸው ካልሲ ብቻ ቆመው ጅቡን በባትሪያቸው ከላይ እስከ ታች ፈተሹት።

«ጅብ ነው?» አሉ።

«ጅብ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እኔ እኮ የሰይጣን ምስል አቁመዋል ተብዬ ነው የመጣሁት። ጅብማ ስንቱን ሌሊት እረኛ ሆኜ አባርሬዋለሁ።» ባትሪውን ወደ ጅቡ ጀርባ አዞሩ። «የኋላ እግሩ ግን ከፍ ብሏል። ጅብ ኋላው ዝቅ ማለት አለበት።»

ከዚያ ሳቅ ያዛቸው። እንዲያ ያለ ሳቅ በውስጣቸው እንዳለ ጉባኤው ሁሉ አያውቅም ነበር፤ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ጋሽ ደምሴ ሄደው ቆጣሪው ጋ የወደቀውን ማብሪያ መለሱት፣ በረንዳው በራ፣ ኮምፕሬሰሩ ማንኮራፋት ጀመረ፣ ጅቡም ቀስ ብሎ ተኛ። ጋሽ ወርቁ ጫማቸውን እንኳ ሳይፈልጉ ይህን የሚያስነሳው የቱ ነው፣ እስቲ ልየው ብለው ማንሻዬን ተቀበሉኝ። መልሰው የሰጡኝ ከረሜላው ሊያልቅ ሲል ነው።

እማዬ ወደ በረንዳው ተመልሳ በመብራቱ ሥር ሳህኗን ይዛ ቆማ ነበር። ሰልፉ ቅርጫቱን ትቶ በተከፈተው የአጥር በር ወደ እሷ መጣ፤ አጽም፣ ጭራቅ፣ ፊት የሌለው ሰው፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ። አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገች። ልትገባ ነው ብዬ አሰብኩ። አልገባችም። ሳህኑን ከፍ አድርጋ ያዘችና ከፊቷ የቆመውን ነጭ ጭምብል ወደ ታች ተመለከተችው።

«ፈርስት፣ ፌስ» አለች፣ መጀመሪያ ፊትህን አሳየኝ ለማለት።

ልጁ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋው። ጥርሱ የወለቀ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ሁዝ ቦይ አር ዩ አለችው፣ የማን ልጅ ነህ እንደምትል። ልጁ ወደ አረንጓዴው ቤት አመለከተና የእናቱን ስም ነገራት። ፈንዲሻ በሁለት እጁ ሞላችለት። ቀጣዩ ሳይጠየቅ ጭምብሉን አወለቀ፣ ከእሱ በኋላ ያለውም፣ እስከ ማዕዘኑ ድረስ አንድ በአንድ ፊታቸው እየወጣ መጣ። እማዬ እያንዳንዱን ልጅ ዓይኑን እያየች የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀች፣ ሁሉም መለሱላት። በሩ ከኋላዋ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ልትዘጋው አልዞረችም።